ተለባሽ የልብ መከታተያ፣ ማረጋገጫው

በእጅ ሰዓት፣ በቀለበት ወይም በደረት ልጣፍ የሚመዘገበው የልብ ምት ሰው በኑሮው ላይ እያለ ምን ያህል እንደሚታመን የሚፈተንበት አሠራር። ማነጻጸሪያው አብዛኛውን ጊዜ ደረት ላይ የሚለጠፍ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ) ነው። የዚህ ዓይነቱ መቅጃ አባት አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ሲሆን፣ በ1940ዎቹ የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘልና 38 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር።

የእጅ ሰዓት ምቱን ያለማቋረጥ የሚከታተለው በአረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ከቆዳ ሥር የሚያልፈው ደም ብርሃኑን በሚውጠው መጠን ምቱን ይገምታል። ማሰሪያው ከላላ፣ እጅ ከተወዛወዘ ወይም ከሥሩ ንቅሳት ካለ ንባቡ ይዛባል። ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው የተገኘ ውጤት ልብስ በሚያጥብ ሰው ላይ ላይደገም ይችላል።

ከታወቁት ፈተናዎች አንዱ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በአፕል ድጋፍ ያካሄደውና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ከ419,297 ተሳታፊዎች 2,161ዱ «ምትዎ የተዛባ ይመስላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከእጅ ሰዓታቸው ደረሳቸው። በፖስታ የተላከላቸውን የኢሲጂ ልጣፍ ለብሰው ከመለሱትና መረጃቸው ከተተነተነው 450 ሰዎች በ34 በመቶው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት ተገኘ። ቁጥሩ አነስተኛ መስሎ ቢታይም ሕመሙ መጣ ሄድ የሚል ነው፤ ልጣፉ ደግሞ ቀናት ዘግይቶ ነው የተለበሰው። ሰዓቱና ልጣፉ አብረው በተለበሱበት ጊዜ ግን ከማስጠንቀቂያዎቹ 84 በመቶው ትክክል ሆነዋል። ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ላልደረሳቸው ሰዎች ልጣፍ ስላልተላከ፣ ሰዓቱ ስንት ሕሙማንን እንዳለፈ ከጥናቱ ማስላት አይቻልም።