ሠሪው የተወውን ጀልባ መልሶ ስለ መሥራት



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን ነገር ዘወትር ያያል። አንድ ሥራ ይጀመራል፤ ጥቂት ዘመንም ይካሄዳል፤ ከዚያ በኋላ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ይባልና ፋይሉ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይወርዳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ያው ሥራ እንደገና ይፈለጋል። በዚያን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አስቸጋሪ ነው። የቀድሞውን ሥራ ስንመልስ በእርግጥ የምንመልሰው ምኑን ነው? ስሙን ነውን? መልኩን ነውን? ወይስ በመጀመሪያ የተሠራበትን ምክንያት?

ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር ሲሆን፥ የሚናገረውም በጨው ባሕር ላይ ዓሣ ስለሚጠመድበት አንድ ጀልባ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ የጀልባውን ችግር እንረዳ። ጀልባ በዝግታ ሲሄድ ውሃውን እየገፋ በመካከሉ ያልፋል። ሞተሩ ብርቱ ሲሆንና ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ከውሃው ከፍ ይልና በገጹ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ለዚህ ዓይነቱ አካሄድ የሚመቸው ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ነው፤ ጠፍጣፋ ነገር ከውሃ ላይ በቀላሉ ይነሣልና። ስለዚህ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይሠሩ የነበሩት ፈጣን ጀልባዎች አብዛኞቹ፥ ፊታቸው የሾለ ቢሆንም፥ ወደ ኋላ በሄዱ መጠን ታቻቸው እየተዘረጋ የሚመጣ ነበር። ይህ አሠራር ጸጥ ባለ ሐይቅ ላይ መልካም ነው። በማዕበል ላይ ግን ጀልባው ከአንዱ ሞገድ ጫፍ ተነሥቶ በሚቀጥለው ላይ ሲወድቅ፥ ጠፍጣፋው ሆዱ ከውሃው ጋር በኃይል ይላተማል። አካሉ ይንገጫገጫል፤ የተሳፋሪውም ወገብ ይጎዳል። ነጂው ሳይወድ በግድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በባሕር ላይ ሩቅ ሄዶ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት ነበር፤ ማለዳ ወጥቶ በቀን ብርሃን ለመመለስ የሚያበቃው ፍጥነት በሞገዱ ቸርነት ላይ የተመሠረተ ነበርና።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካገኙት ሰዎች መካከል ዋናው ሬይመንድ ሃንት የተባለው የማሳቹሴትስ ሰው ነው። ሃንት በ1908 ተወልዶ በ1978 ያረፈ ሲሆን፥ ከወጣትነቱ ጀምሮ በሸራ ጀልባ ውድድር የታወቀ ነበር። የመርከብ ንድፍን በዩኒቨርሲቲ አልተማረም፤ የተማረው ከባሕሩ ነው። የእርሱ ሐሳብ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። የጀልባውን ሆድ እንደ ላቲኑ ፊደል «ቪ» አሹሎ፥ ያንኑ ሹልነት ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላው ጫፍ ሳይዘረጋ አደረሰው። የሆዱም ግራና ቀኝ ከአግድም መስመር ወደ 24 ዲግሪ ያህል ተነሥቶ ይወጣል። ከዚህም በላይ በሆዱ ርዝመት ቀጫጭን ዘንጎች አደረገበት፤ እነዚህ ዘንጎች የሚረጨውን ውሃ ወደ ጎን እየመለሱ ጀልባው ከፍ እንዲል ይረዱታል። እንዲህ ያለው ጀልባ በሞገድ ላይ ሲወድቅ ውሃውን እንደ ቢላዋ ይሰነጥቀዋል እንጂ አይላተመውም።

በ1958 የበጋ ወራት በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት ከተማ አጠገብ ለአሜሪካ ዋንጫ የሚወዳደረውን የሸራ ጀልባ ለመምረጥ ማጣሪያ ይደረግ ነበር። ለማጣሪያው ከቀረቡት ጀልባዎች አንዱን፥ «ኢስተርነር» የሚባለውን፥ የነደፈው ሃንት ነበረ። ይህንንም ጀልባ የሚያገለግል አንድ ትንሽ ባለ ሞተር ጀልባ በዚያ ይመላለስ ነበር፤ እርሱም በአዲሱ አሠራር የተሠራ ነው። በሌላው ተወዳዳሪ ጀልባ፥ «ቪም» በሚባለው ላይ፥ ከተሰለፉት መርከበኞች መካከል ደግሞ ሪቻርድ በርትራም የተባለ ሰው ነበረ። በርትራም በፍሎሪዳ በማያሚ ከተማ ጀልባ በማሻሻጥ ሥራ የሚኖር፥ በሸራ ጀልባ ውድድርም ስመ ጥር የሆነ ሰው ነው። ባሕሩ ሻካራ በሆነበት ሰዓት ያ ትንሽ ጀልባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በሞገዱ ላይ ሲያልፍ ተመለከተና ተደነቀ። ለራሱም እንዲህ ያለ፥ ነገር ግን ከፍ ያለ፥ ጀልባ እንዲነደፍለት ሃንትን ጠየቀ።

ጀልባው ከእንጨት ተሠራ። በርትራምም በባለቤቱ የቁልምጫ ስም «ሞፒ» ብሎ ሰየመው። በ1960 ከማያሚ ተነሥቶ በባሃማ ደሴቶች እስከምትገኘው እስከ ናሳው ከተማ በሚደረገው ውድድር አሰለፈው፤ መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በፍሎሪዳና በባሃማ መካከል ወደ ሰሜን የሚፈሰው የባሕር ወንዝ፥ በእንግሊዝኛ ገልፍ ስትሪም የሚባለው፥ በነፋስ ጊዜ ክፉ ሞገድ የሚያስነሣ ነው። በዚያም ቀን ነፋሱ ብርቱ፥ ሞገዱም ከፍተኛ ነበረ። ሞፒ በ8 ሰዓት ያህል ጊዜ ናሳው ደረሰ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፍጥነት በዚያ ውድድር አልታየም ነበር። ሁለተኛ የወጣው ጀልባ የደረሰው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ሲሆን፥ እርሱም በሃንት ሐሳብ የተሠራ ነበር። ከቀሩት ውስጥ ለመጨረስ የበቁት የደረሱት በማግስቱ ነው። የዚያን ቀን ውድድር የአንድን ሰው ጀግንነት ብቻ ሳይሆን የአንድን አሠራር ብልጫ አስመሰከረ።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንምጣ። በርትራም የእንጨቱን ሞፒ ወስዶ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀመበት። በላዩ ላይ መቅረጫ ተሠራ፤ ከመቅረጫውም የፋይበርግላስ ጀልባ ይወጣ ጀመር። ፋይበርግላስ ከቀጭን የመስተዋት ክር የተሠራ፥ በሙጫ እየራሰ የሚደርቅና የሚጠነክር ነገር ነው። እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ ከአንድ መቅረጫም መልካቸው አንድ የሆነ ብዙ ጀልባዎች ይወጣሉ። በዚህ ዓይነት በ1961 «በርትራም 31» የሚባለው ጀልባ ለገበያ ቀረበ። ቁጥሩ የርዝመቱ መጠን በእንግሊዝ ጫማ ሲሆን፥ በሜትር ሲቆጠር 9 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

ዓሣ አጥማጆች ጀልባውን ወዲያው ወደዱት። «ዓሣ መብላት በብልሃት» እንደሚባለው ሁሉ፥ ዓሣ ማጥመድም የራሱ ብልሃት አለው። እንደ ማርሊንና እንደ ቱና ያሉት ትልልቅ ዓሦች የሚገኙት ከዳርቻ ርቆ በጥልቁ ውሃ ነው። በርትራም 31 ወደዚያ በፍጥነት ያደርሳል። የኋላ ወለሉ ሰፊና ክፍት ስለ ሆነ፥ ሰው ቆሞ ከዓሣው ጋር ለመታገል ይመቸዋል። ለመዝናኛ የሚያጠምዱ ባለ ጠጎች ገዙት፤ እንግዳ እያሳፈሩ ለእንጀራቸው የሚያጠምዱ ነጂዎችም ገዙት። ሁሉም በአንድ ሆድ ላይ የላዩን ቤት እያለዋወጡ የሚሸጡ ነበሩ።

ሆኖም ጉድለት የሌለበት ሥራ የለም፤ ታሪክ ጸሐፊም ጉድለቱን መሸፈን አይገባውም። ሆዱ የሾለ ጀልባ ለፍጥነት የሚፈልገው ጉልበት ከጠፍጣፋው የበለጠ ስለሆነ ነዳጅ ይበላል። ቆሞ ሲንሳፈፍ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ነው። ሁለቱም ሞተሮች በኋላው ወለል ላይ በሣጥን ተሸፍነው ይቀመጡ ስለ ነበር ቦታ ይይዛሉ። ወዳጆቹ ይህን ሁሉ እያወቁ ታገሡት።

ሐሳቡ በሌሎች ሠሪዎችም ዘንድ በፍጥነት ተሠራጨ። ሃንት በሐሳቡ ላይ የብቻ ባለመብትነት ሳያገኝ ቀረ። ስለዚህ የፈለገ ሁሉ ቀዳው። ዛሬ በዓለም ባሕሮች ላይ የሚሮጡት ፈጣን ጀልባዎች እጅግ ብዙዎቹ የዚያ ንድፍ ዘሮች ናቸው።

በርትራም 31 ከ1961 እስከ 1983 ከተሠራ በኋላ ቆመ። ከ25ኛው ዓመት መታሰቢያ ጋር በተያያዘ በ1986 ጥቂት ጀልባዎች ተጨመሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፋይሉ ተዘጋ። በጠቅላላው የተሠሩት ከ1,800 በላይ ናቸው። ኩባንያው ፊቱን ወደ ረዣዥምና ወደ ባለ ብዙ ምቾት ጀልባዎች አዞረ።

አንባቢ ሆይ፥ ከሁሉ ይልቅ አስተውሎ መመልከት የሚገባው ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ሠሪው ቢተወው ተጠቃሚው አልተወውም። ሰዎች አሮጌዎቹን ጀልባዎች እየፈለጉ ገዙ፤ ወለላቸውን ነቅለው አደሱ፤ የቤንዚን ሞተር የነበራቸውን በናፍጣ ሞተር ለወጡ። አካሉ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ነበር እድሳቱን ይችለዋል። አንዳንዱ ለእድሳት ያወጣው ገንዘብ ጀልባው አዲስ ሳለ ከተሸጠበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የጀልባው ዕውቀት ከፋብሪካው ወጥቶ በየወደቡ ባሉ አናጢዎችና መካኒኮች እጅ ገባ።

የኩባንያው ስም በበኩሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በ1998 ፌሬቲ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ገዛው። በ2015 ደግሞ የሌላ ኢጣልያዊ፥ የቤኒያሚኖ ጋቪዮ፥ ንብረት ሆነ። አዲሱ ባለቤት ሥራውን የጀመረው በትልቅ የቅንጦት ጀልባ አይደለም፤ የተተወውን 31 ወራሽ በማበጀት ነው። ንድፉ ማይክል ፒተርስ ለተባለው ለታወቀው አሜሪካዊ ነዳፊ ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት በፍሎሪዳ አልነበረም፤ በሰሜን በሜይን ግዛት በቶማስተን ከተማ ባለው በላይማን ሞርስ ጀልባ ሠሪዎች ዘንድ ነበር። ጀልባው በ2016 ወደ ውሃ ወረደ፤ ስሙም «በርትራም 35» ተባለ።

እንግዲህ በመግቢያችን ያነሣነው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ለምን የድሮውን መቅረጫ አንሥተው ያንኑ ጀልባ ቃል በቃል አልደገሙም? መልሱ ሰውም ሞተርም ስለ ተለወጠ ነው። ሃንት ንድፉን ያወጣው ለዘመኑ ሞተሮች ክብደትና ጉልበት ነው። ሞተሩ ሲለወጥ የጀልባው ሚዛን ይለወጣል፤ ሚዛኑ ሲለወጥ በሞገድ ላይ ያለው ጠባይ ይለወጣል። ያን ቅርጽ ሳይነኩ መድገም ለመታሰቢያ ሐውልት ይበቃ ይሆናል፤ ለባሕር ግን አይበቃም።

ስለዚህ ፒተርስ መጠበቅ ያለበትንና መለወጥ ያለበትን ለየ። ሞገዱን የሚሰነጥቀውን የፊቱን ሹልነት፥ ከሩቅ የሚታወቀውን የቀድሞውን መልክ፥ ለዓሣ አጥማጁ የሚመቸውን ክፍት የኋላ ወለል ጠበቀ። ርዝመቱን ጨመረ፤ የኋላውን ሆድ ከቀድሞው ጥቂት ዘርጋ አደረገው፤ ሞተሮቹንም ከወለሉ በታች አስቀመጠ። በዚህም ያ ጀልባው ቆሞ ሲንሳፈፍ የሚያስቸግረው መወዛወዝ እንዲቀንስ ታስቦ ነው።

የዚህ አሠራር ተቃዋሚ መኖሩ አይቀርም። «መቅረጫው ሌላ፥ ነዳፊው ሌላ፥ ባለቤቱ ሌላ፥ ርዝመቱም ሌላ ከሆነ፥ የቀረው ስሙ ብቻ አይደለምን?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ስም የሚሸጥ ዕቃ ሆኗልና፥ የአባትን ዝና ይዞ የአባትን ሥራ የማይሠራ ብዙ ነው። ነገር ግን መለኪያ አለው። ሪቻርድ በርትራም በ1958 ያን ትንሽ ጀልባ አይቶ የተደነቀው ስለ መልኩ አልነበረም፤ ባሕሩ ሲከፋ ፍጥነቱን ስላልቀነሰ ነው። ወራሹ ጀልባ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ስሙን በሕጋዊ ውል ብቻ ሳይሆን በሥራውም ወርሷል። ይህን የማያደርግ ቢሆን ግን የድሮውን መቅረጫ ምንም ሳይለውጥ ቢደግመው እንኳ ወራሽ አይባልም።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ፥ በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ለምንውል ሰዎች፥ የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። አንድን ሥራ በምናቆምበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምናስቀምጠው ንድፉንና ሒሳቡን ነው፤ ሥራው ለምን እንደ ተጀመረና ለምን እንደ ቆመ ግን በጽሑፍ አይቀመጥም። ንድፍ ብቻውን የተገኘ ሰው ያለማስተዋል ይደግማል፤ ወይም የማይነካውን ይነካል። ምክንያቱን ያገኘ ሰው ግን ምኑን እንደሚጠብቅና ምኑን እንደሚለውጥ ያውቃል። የበርትራም 31 ወዳጆች ይህን ምክንያት ሠላሳ ዓመት ያህል በቃልና በእጅ ሥራ ጠብቀው አቆዩት። ይህ ባይሆን ኖሮ በ2015 የተሸጠው ስም ባዶ ስም ይሆን ነበር። ስለዚህ ፋይል ስትዘጉ፥ በመጨረሻው ገጽ ላይ ምክንያቱን ጻፉበት፤ የሚከፍተው ሰው ማን እንደሚሆን አይታወቅምና።