የልዕለ ጀግና ኮሚክ ዘመናት

ልዕለ ጀግና ኮሚክ፦ ከሰው አቅም በላይ ኃይል የታደሉ ጀግኖችን ታሪክ በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተርክ መጽሐፍ። አሜሪካ ውስጥ «ወርቃማው ዘመን» በ1938 እ.ኤ.አ. በሱፐርማን ተከፈተ፤ በ1956 ፍላሽ በአዲስ መልክ ሲመለስ «የብር ዘመን» ተተካ። በ1973 ስፓይደርማን ፍቅረኛውን ግዌን ስቴሲን ከሞት ማዳን አቃተው፤ አንባቢ ደነገጠ። ታሪኮቹም እየከበዱ ሄደው፣ በ1986 መውጣት የጀመረው «ዎችመን» ጀግናው ራሱ ሊታመን ይገባዋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

በኢትዮጵያ ዘርፉ ገና ለጋ ነው። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ኃይል ከማግኘቱ በፊት ሥራ ፍለጋው መቅደሙ ታሪኩን ከብዙ አንባቢ ኑሮ ጋር ያገናኘዋል፤ የድርሰቱ ትልቁ ብርታትም ይኸው ነው። ሴቷ ጀግና «ሃዊ» ቀጥላ መጣች።