ከባቡር ፋኖስ እስከ ዩጂን ፒፓ

ኦሪገን ውስጥ ዩጂን በምትባል ከተማ በመስታወት ሥራ እተዳደራለሁ። ከምሠራቸው ዕቃዎች የሚበዙት በመዳፍ የሚያዙ፣ ደረቅ ቅጠል የሚጨስባቸው ፒፓዎች ናቸው። ገዢ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መስታወቱ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደቀዘቀዘ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱም ረጅም ታሪክ አላቸው። ያንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ፒፓ ሲመርጥ አይታለልም፤ ከገዛ በኋላም ቶሎ አይሰብረውም።

ተራው መስታወት፣ የመስኮቱም ሆነ የጠርሙሱ፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። አንዱ ጎኑ ግሎ ሌላው ካልጋለ መሰንጠቁ አይቀርም። ይህን ጠባይ የገራው ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሾት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዬና ከተማ ውስጥ ከአሸዋው ጋር ቦሮን ኦክሳይድ እየቀላቀለ ሲያቀልጥ፣ በሙቀት የሚለጠጠው የተራውን ሲሶ ያህል ብቻ የሆነ መስታወት አወጣ። ቦሮሲሊኬት የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ እኔ የማቀልጠው ቱቦ ከመቶው 80 እጁ ሲሊካ፣ 13 እጁ ያህል ደግሞ ቦሮን ኦክሳይድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩን ያጣደፈው ባቡር ነበር። የምልክት ፋኖሶች ውስጣቸው በነበልባል ግሎ ሳለ ዝናብ ወይም በረዶ ሲያርፍባቸው ይፈነዱ ነበር፤ የፋኖስ መጥፋት ደግሞ የባቡር ግጭት ማለት ነው። ኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው የኮርኒንግ ፋብሪካ ለዚህ ሲል ሙቀት የሚችል መስታወት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1913 የፋብሪካው የፊዚክስ ባለሙያ ጄሲ ሊትልተን ባለቤቱ ቤሲ የመጋገሪያ ዕቃዋ ቢሰበርባት፣ ከዚሁ መስታወት የተሠራ የባትሪ ማሰሮ ቂጡን አስቆርጦ አመጣላት። እሷም ኬክ ጋገረችበት፤ ኬኩ በደንብ በሰለ፣ መስታወቱም ምንም አልሆነ። በ1915 ፓይሬክስ ለገበያ ቀረበ። በዚያው ሰሞን አንደኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን የሚመጣውን የላቦራቶሪ መስታወት ስላቋረጠው የአሜሪካ ኬሚስቶችም ወደዚሁ መስታወት ዞሩ። ጠረጴዛ ላይ በተተከለ የጋዝና የኦክስጅን ነበልባል ቱቦ እያቀለጡ፣ እየነፉና እያጠማዘዙ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች በረከቱ። የእኔ ሙያ የወረደው ከእነሱ ነው፤ ያስተማረኝም ሰው ዕድሜውን ለኬሚስቶች ቱቦ ሲቀጥል የኖረ ነው።

የእነ ሊትልተን ቤት ሌላም ነገር አፍርቷል። በ1922 የተወለደው ልጃቸው ሃርቪ በ1962 ቶሌዶ፣ ኦሃዮ ውስጥ ባዘጋጃቸው ዐውደ ጥናቶች መስታወት ከፋብሪካ ወጥቶ በአንድ ሠዓሊ ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ምድጃ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። የመስታወት ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሃርቪን በሚገባው ክብር ያነሱታል። ጠረጴዛ ላይ በነበልባል የሚሠሩትን፣ ይልቁንም ፒፓ የሚሠሩትን ግን ለረጅም ጊዜ ከቁጥር አላገቧቸውም። እኔ ይህን በደል እለዋለሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቦሮሲሊኬትን ከላቦራቶሪ አውጥተው ቀለምና ነፍስ ከሰጡት ሰዎች መካከል ፒፓ ሠሪዎቹ ግንባር ቀደም ነበሩና።

ከእነሱም መሀል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ቦብ ስኖድግራስ ነው። ሥራውን የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ቤተሰቡን በአውቶቡስ ይዞ ይከተል ነበር፤ የሠራውንም በኮንሰርቱ የመኪና ማቆሚያ ላይ ይሸጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ብር ወይም ወርቅ ነበልባል ውስጥ ሲተን ተኑ ፊት ለፊቱ ያለው መስታወት ላይ በስሱ ይለብጣል። ብሩ ቢጫና ሰማያዊ፣ ወርቁ ሮዝ ይሰጣል። ፒፓው አዲስ ሲሆን ቀለሙ ደብዛዛ ነው። እየተጨሰበት ውስጡ ሲጠቁር ግን ከጀርባው ጨለማ ስለሚያገኝ ሰማያዊው ደምቆ ይወጣል። ገዢዎች ዕቃው በእጃቸው ላይ ሲለወጥ አዩ፤ ወሬውም በየማቆሚያው ተዛመተ። ስኖድግራስ በ1990 ግድም ዩጂን ሰፍሮ ደቀ መዛሙርት ማስተማር ጀመረ። እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ነበልባል የሚነደው በዚያ ምክንያት ነው። በዚያው በ1980ዎቹ ፖል ትራውትማን እዚሁ ኦሪገን ውስጥ ለቦሮሲሊኬት የሚስማሙ ባለቀለም ዘንጎችን አውጥቶ ኖርዝስታር በሚል ስም መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ቀለም የፈለገ ሰው ሌላ ዓይነት መስታወት ቢለጥፍ፣ ሁለቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ዕቃው መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቅበት ነበር።

ፒፓ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ከጅማ ወጣ ባለ ገጠር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አያቴ ጋያ ታጨስ ነበር። ውኃ የሚያዝበት ቅል፣ የሚሳብበት መቃ፣ ከላይ ደግሞ ትንባሆውና ፍሙ የሚቀመጥበት የሸክላ ራስ ነበረው። ደጋ ላይ ቤተ ክርስቲያን ማጨስን ስታወግዝ ኖራለች፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በብርቱ ቅጣት ከልክለውታል። የአያቴ ጎረቤቶች ግን ጋያን ከቡና ጋር እንግዳ ይቀበሉበት ነበር። ሸክላ ጭስ ይጠጣል፤ የአያቴ ጋያ ታጥቦም ይሸታል። መስታወት አይጠጣም፤ ትላንት የተጨሰበት ዛሬ ቢጸዳ ምንም ጣዕም አያስቀርም። ሰው ከሸክላና ከእንጨት ወደ መስታወት የዞረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሸክላው መጠጣት ለታሪክ ግን ትልቅ ውለታ ውሏል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በበጌምድር፣ ላሊበላ የተባለ ዋሻ አለ፤ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉበት ላሊበላ አይደለም። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች የቅርስ ተመራማሪ እዚያ ስትቆፍር የሸክላ ፒፓ ራሶች አገኘች። ዕድሜያቸው በራዲዮካርቦን ሲገመት ወደ 1320 እ.ኤ.አ.፣ በ80 ዓመት ከፍና ዝቅ፣ ሆነ። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቬ በ1975 ባሳተመው ጥናት ከሁለት ራሶች ውስጥ የካናቢስ ቅሪት ማግኘቱን ገለጸ። ያ ጊዜ ትንባሆ ከአሜሪካ አህጉር ከመምጣቱ በፊት ነው። እንግዲህ ቀኑ ልክ ከሆነ፣ የፒፓ ነገር ሲነሳ የእኛም ደጋ ከጥንቶቹ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል።

ወደ ኦሪገን ልመለስ። በየካቲት 2003 እ.ኤ.አ. የፌዴራል መንግሥት ኦፐሬሽን ፓይፕ ድሪምስ ባለው ዘመቻ በመላ አገሪቱ የፒፓ ነጋዴዎችን ያዘ፤ 55 ሰዎች ተከሰሱ። ኮሜዲያኑ ቶሚ ቾንግ በስሙ ይሸጡ በነበሩ የመስታወት ዕቃዎች ምክንያት 9 ወር እስራት ተፈረደበት። በሱቆች መደርደሪያ ላይ የሚለጠፈው «ለትንባሆ ብቻ» የሚል ወረቀት የአደንዛዥ ዕፅ ማጨሻ ዕቃ መሸጥን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ልጅ ነው። ያኔ እዚህ ብዙ ነበልባል ጠፋ፤ ያልጠፋውም ስሙን ዕቃው ላይ መፈረም ተወ። ኦሪገን ካናቢስን ለአዋቂዎች የፈቀደችው ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

ለወገኖቼ ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ የግዛቷ ፈቃድ የፌዴራሉን ሕግ አይሽርም። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ማጨሱን ለኢሚግሬሽን ሹም ቢናገር ወረቀቱ ሊበላሽበት ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥም ካናቢስ በሕግ የተከለከለ ነው። ጭሱም የትም ይሁን የት ለሳንባ ጭስ ነው። የማወራው ስለ ዕቃው ነው፤ ዕቃው ለአጫሹ ከመታዘዙ በፊት ለሕግ ይታዘዛል።

ታዲያ ፒፓ የሚመርጥ ሰው ምን ይይ? ከቀለም በፊት ቅዝቀዜውን። ተሠርቶ ያለቀ መስታወት በ565 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እቶን ውስጥ ቆይቶ ሙቀቱ በዝግታ ካልወረደ ውስጡ ተወጥሮ ይቀራል። ዛሬ ደህና መስሎ በሳምንቱ ማንም ሳይነካው ሊፈነዳ ይችላል። ውጥረት በዓይን ባይታይም መላ አለው። ነጭ የኮምፒውተር ስክሪን ፊት ቁም፤ ፖላራይዝድ መነጽር አድርገህ ስክሪኑ እስኪጨልም መነጽሩን አዙር፤ ከዚያ ፒፓውን በመሀል ያዘው። በደንብ የቀዘቀዘ መስታወት እንደ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል፤ የተወጠረው እዚያው ላይ ያበራል። እኔ ይህን ሳላደርግ ዕቃ አላስረክብም። ርካሹን ከውጭ የሚገባ ዕቃ አጥብቄ የምጠረጥረውም ብዙውን ጊዜ ይህ ደረጃ ስለሚዘለል ነው። በተረፈ የፒፓው ራስ ቂጥ፣ ነበልባሉ የሚመታው ቦታ፣ ወፈር ይበል፤ ግድግዳው እኩል ይሁን፤ አፉ ለስላሳ ይሁን። ጎኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በብዛት በግራ የምትሆነው ቀኝ እጅ ላይተር ስለሚይዝ ነው፤ ግራኝ ሰው በቀኝ ያዝዛል።

ለጽዳት 91 ከመቶ ኢሶፕሮፒል አልኮልና ያልደቀቀ ጨው ይበቃል። ፒፓው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በላስቲክ ከረጢት ከሁለቱ ጋር አስገብቶ መነቅነቅ፣ ለብ ባለ ውኃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው። አልኮሉ ከእሳት ይራቅ፤ ቀዝቃዛ መስታወት ላይም የፈላ ውኃ አይፈሰስ፤ ቦሮሲሊኬትም ቢሆን ልክ አለው። የብር ተን ያረፈበት ፒፓ ያላቸው ደንበኞቼ ሰማያዊው እንዳይጠፋ ፈርተው ጥቁሩን ሙጫ ወር ሙሉ ያቆዩታል። ብሩ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል፤ አልኮል አይነካውም። የደበዘዘው ቀለም ፒፓው እንደገና ሲጠቁር ይመለሳል።