የሳን ፍራንሲስኮ «የሚከራይ ቤት» ማስታወቂያዎች

የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ዕድሜው አጭር ነው። ተከራይ እስኪገኝ ይነበባል፤ ከዚያ ይረሳል። የሳን ፍራንሲስኮ የስድሳ ዓመት የኪራይ ታሪክ የተገኘው ግን ከእነዚህ የተረሱ መስመሮች ነው።

ካርታ ሠሪውና ፕሮግራመሩ ኤሪክ ፊሸር የከተማዋ ኪራይ መናር የጀመረው መቼ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣን ማይክሮፊልም ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያገላበጠ በማስታወቂያዎቹ ላይ የሰፈረውን ዋጋ በእጁ መዘገበ። ለቅርቦቹ ዓመታት ደግሞ ክሬግስሊስት የተባለውን ድረ ገጽ ተጠቀመ።

ውጤቱን በ2016 ይፋ ሲያደርግ ብዙዎች ተገረሙ። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰው ጣቱን የሚቀስረው በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ላይ ነበር። የፊሸር መዝገብ ግን ኪራይ ከ1956 ወዲህ በአማካይ በዓመት 6.6 በመቶ ሲጨምር እንደኖረ አሳየ። በዚህ ፍጥነት ዋጋው በየ11 ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ፊሸር ውጣ ውረዱን በሦስት ነገሮች አስረዳ፦ በሠራተኛው ብዛት፣ በደመወዙ መጠንና በቤቶቹ ቁጥር።

ለዚህ ጥናት ማስታወቂያ ከሕዝብ ቆጠራ የሚሻልበት ምክንያት አለ። በ1979 የወጣው የከተማዋ ሕግ በቆዩ ሕንፃዎች ውስጥ በሚኖር ተከራይ ላይ የሚደረገውን ዓመታዊ ጭማሪ ይገድባል፤ ተከራዩ ሲለቅ ግን አከራዩ አዲስ ዋጋ ይቆርጣል። ስለዚህ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ጎረቤቶች የሚከፍሉት እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ቆጠራ ነባሩንም አዲሱንም አንድ ላይ ይደምራል። ማስታወቂያ የሚናገረው ዛሬ ሻንጣውን ይዞ ቤት የሚፈልገው ሰው ስለሚጠየቀው ዋጋ ነው።

ክሬግስሊስት በ1995 ሲጀመር ክሬግ ኒውማርክ በሳን ፍራንሲስኮ ለወዳጆቹ በኢሜይል የሚልከው የዝግጅቶች ዝርዝር ነበር። እያደገ ሄዶ የጋዜጦቹን የማስታወቂያ ገበያ ወሰደ። በ2014 ተመራማሪዎቹ ጄፍ ቦይንግና ፖል ዋዴል ከመላው አሜሪካ 11 ሚሊዮን የኪራይ ማስታወቂያዎችን ከድረ ገጹ በኮምፒውተር ሰበሰቡ። ፊሸር በማይክሮፊልም ፊት ተቀምጦ የለቀመው ዓይነት መረጃ በወራት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሆነ። ማጥራቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ አንዱ ቤት ደጋግሞ ይለጠፋል፣ ዋጋውም አንዳንዴ በስህተት ይጻፋል።

ቦይንግ በኋላ ባደረገው ጥናት ሌላ ክፍተት አገኘ። በድረ ገጹ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሀብታም፣ ይበልጥ የተማሩና ነጮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ናቸው። በዘመድ ጥቆማ የተገኘች ክፍል፣ በር ላይ በተለጠፈች ወረቀት የተከራየች ምድር ቤት እዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። የእነርሱን ኪራይ ለማወቅ ዛሬም በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።