ካብሳውን የሠራችው መጨረሻ ትበላለች

ዛሬ ስለምንበላው ነገር ላውራችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ሪያድ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ካብሳውን የምሠራው እኔ ነበርኩ። ትልቁን ትሪ መጅሊስ አስገባለሁ፤ የኔ ድርሻ ትሪው ሲመለስ የተረፈው ነው። ካልተረፈ ሻይ በኹብዝ። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን እንቁላል ማዳም ትቆጥራለች። ያኔ «ዕድሌ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሳነብ ግን የኔ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ባወጣው ዘገባ የኢንዶኔዥያ፣ የስሪላንካና የፊሊፒንስ እህቶችም እዚህ አገር ምግብ ሲከለከሉ እንደነበር ተጽፏል።

ታሪኩ ሩቅ ነው። መጅሊስ ውስጥ በደላ የሚቀዳውን ጋህዋ አስቡት። ቡና ከኛ አገር ተነስቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን በኩል ነው እዚህ የተስፋፋው። ዛሬም ሳዑዲ የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ናት። 2022ን «የሳዑዲ ቡና ዓመት» ብለው ሰየሙት፤ ምግብ ቤቶችና ካፌዎችም «የዐረብ ቡና» የሚለውን ትተው «የሳዑዲ ቡና» ብለው እንዲጽፉ ታዘዙ። በዚያው ባሕር ግን ቡና ብቻ አልተሻገረም፤ የኛ ሰዎችም ተሽጠው ተሻግረዋል። ሳዑዲ ባርነትን በሕግ የከለከለችው በ1962 ነው። አያቶቻችን በሕይወት ያሉበት ዘመን ማለት ነው! ሕግ በአንድ ቀን ይወጣል፤ መልክ አይቶ ሰውን ከትሪው የማራቅ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይወጣም።

ታዲያ የራሳችንን ለምን አንከፍትም ትሉ ይሆናል። በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ምግብ ቤት መክፈት ቀርቶ ተቀጥሮ መሥራትም አይቻልም። ስለዚህ ከደቡብ ሪያድ፣ ከመንፉሃ ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ በዝግ በር ይሸጥ ነበር። ጤፍ ሲጠፋ ሩዝና ፊኖ ተቀላቅሎ ይቦካል። እዚያ ቁጭ ብሎ ሽሮ መብላት ለስደተኛ ቤቱ የገባ ያህል ነው።

በ2013 የሰባት ወሩ ምሕረት ኖቬምበር 3 ላይ አበቃና ፍተሻው ተጀመረ። ከቀናት በኋላ መንፉሃ ውስጥ ግጭት ተነስቶ የወገኖቻችን ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በተከታታይ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። ስንቷ እህት የጣደችውን ምጣድ እንኳን ሳታወርድ ሄደች!

አሁን ግን አንድ ነገር ያዙ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ደንብ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ ያዛል፤ መጠለያና ምግብም የአሠሪው ግዴታ ነው። ትርፍራፊ ስትበሉ ውለታ የተዋለላችሁ አይምሰላችሁ። ኮንትራት ስትፈርሙ የምግብ ነገር ምን እንደሚል አስነብቡ።

እኔ አሁን ሌላ ቤት ነኝ። ካብሳው ሲደርስ ትሪው ሳይወጣ የራሴን ሳህን አስቀድሜ አወጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ማዳም ቆማ አየችኝ። ልቤ ደነገጠ። ምንም ሳትል ሄደች፤ እኔም ሳይቀዘቅዝ በላሁ።