ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር

ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር በጫጫታ የተዋጠን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ነጥሎ የሚለካ መሣሪያ ነው። በብዛት የሚገኘው በፊዚክስና በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ነው፤ መርሁ ግን በሆስፒታል መሣሪያዎችና እንደ ወለጋ ባሉ ወርቅ አምራች አካባቢዎች በሚካሄድ የማዕድን ፍለጋም ያገለግላል።

ጫጫታ የመሣሪያ ጉድለት ብቻ አይደለም። ማንኛውም ሬዚስተር ሙቀት ስላለው ብቻ የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ያመነጫል። ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በክፍል ሙቀት በ1 ሄርዝ የፍሪኩዌንሲ ስፋት ውስጥ 4 ናኖቮልት ገደማ ይሰጣል። ጫጫታው የሚያድገው በስፋቱ ካሬ ሥር ልክ ስለሆነ፣ 10 ኪሎ ሄርዝ በሚያሳልፍ ማጉያ 400 ናኖቮልት ይሆናል። የ20 ናኖቮልት ምልክት እዚያ ቢገባ ጫጫታው 20 እጥፍ ይበልጠዋል። ሁለቱም እኩል ስለሚጎሉ ማጉላት ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ ለምልክቱ አስቀድሞ መለያ ይሰጠዋል። ብርሃን ከሆነ በሚሽከረከር ባለ ክፍተት ዲስክ ይቆራረጣል፤ ጅረት ከሆነ በታወቀ ፍሪኩዌንሲ እንዲለዋወጥ ይደረጋል። ከዚያው ምንጭ የሚመጣ የማመሳከሪያ ሞገድም ወደ መሣሪያው ይገባል። መሣሪያው የተቀበለውን ሁሉ በዚህ ሞገድ አባዝቶ አማካዩን ይወስዳል። ከማመሳከሪያው ጋር እኩል የሚሄደው ምልክት ከብዜቱ ቋሚ ቮልቴጅ ሲተርፍለት፣ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሁሉ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያለ ይጣፋል። ውጤቱ በምልክቱና በማመሳከሪያው መካከል ባለው የፌዝ ልዩነትም (አንዱ ሞገድ ከሌላው በሚቀድምበት ወይም በሚዘገይበት መጠን) ስለሚወሰን፣ ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች በ90 ዲግሪ የተለያዩ ሁለት ማባዣዎች አሏቸው፤ በዚህም መጠኑንም ፌዙንም ይሰጣሉ።

ዋጋው ጊዜ ነው። የማጣሪያውን ስፋት ወደ 0.01 ሄርዝ ብናጠብ ከላይ ያየነው ጫጫታ ወደ 0.4 ናኖቮልት ይወርዳል፤ ምልክቱ አሁን በ50 እጥፍ ይበልጠዋል። ቀላሉ ማጣሪያ ግን ለዚህ 25 ሰከንድ የጊዜ ቋሚ ስለሚያስፈልገው፣ ንባቡ እስኪረጋ 2 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ፍሪኩዌንሲውም በዘፈቀደ አይመረጥም፦ የኢትዮጵያ መብራት መስመር በ50 ሄርዝ ስለሚሠራ ከ50፣ ከ100ና ከ150 መራቅ ይበጃል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የማመሳከሪያው ሞገድ ራሱ በሽቦዎች በኩል ወደ መግቢያው ሲሾልክ ነው። እሱ መለያውን ስለያዘ የቱንም ያህል ቢጠበቅ አይጠፋም፤ ጠንቃቃ ለኪ ምልክቱን ዘግቶ ንባቡ ዜሮ መሆኑን የሚያረጋግጠው ለዚህ ነው።

የመሣሪያው ጅማሬ ሲ. አር. ኮሰንስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው የተለዋዋጭ ጅረት ብሪጅ መለኪያ ላይ ይታያል። በ1941 ሚሼልስና ከርቲስ በቫኩም ቱቦ የሠሩትን አቀረቡ። ሮበርት ዲኪ ደግሞ በ1946 ባሳተመው የማይክሮዌቭ ራዲዮሜትር አንቴናውንና የታወቀ የሙቀት ምንጭን እያፈራረቀ በመለካት መርሁን ወደ ሰማይ አዞረው።

በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም የቅርብ ዘመዱ ነው። ቀይና ኢንፍራሬድ መብራቶቹን እያፈራረቀ ያበራል፤ ሁለቱም በጠፉበት ቅጽበት የሚለካውን የክፍሉን ብርሃን ከንባቡ ይቀንሳል።

ለወለጋ ይበልጥ የሚቀርበው የከርሰ ምድር ፍለጋ ነው። እንደ ቱሉ ካፒ ያሉ የምዕራብ ወለጋ የወርቅ ክምችቶች ባሉበት ዓይነት ጥንታዊ ድንጋይ ውስጥ ወርቅ ብዙ ጊዜ ፒራይት ከተባለው ማዕድን ጋር ይገኛል፤ የተበተነ ፒራይት ደግሞ ጅረት ሲያልፍበት እንደ ጥቃቅን ባትሪ ይሞላል። በፌዝ አለካክ ዘዴ፣ በኤሌክትሮዶች በኩል ዝግተኛ ተለዋዋጭ ጅረት ወደ መሬት ይላካል፤ ከዚያም ቮልቴጁ ከጅረቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ይለካል። መዘግየቱ የሚቆጠረው በሚሊራዲያን ነው። የመሬት ተፈጥሯዊ ጅረቶችና የኤሌክትሪክ መስመሮች ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በቀላሉ ስለሚሸፍኑት፣ ንባቡን ከተላከው ጅረት ጋር ሳያመሳስሉ ማግኘቱ እጅግ አዳጋች ነው። ግራፋይትም ተመሳሳይ መዘግየት ስለሚያሳይ፣ ወርቅ መኖሩን የሚያረጋግጠው ቁፋሮና የናሙና ምርመራ ነው።