ሊብሬው የማይናገረው የቮልስ ታሪክ

የአባቴ መኪና ሊብሬ ብዙ ወሬ የለውም። ቮልስዋገን 1300፣ በፈረንጆቹ የ1966 ሞዴል፣ የጀርመን ሥሪት ይላል፤ አለቀ። ይህን አምኖ ሞተሩን የከፈተ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። ካርቡራተሩ የብራዚል ነው፣ የፍሬን ሲሊንደሮቹ የሜክሲኮ፣ ቦቢናው የቻይና። የማርሽ ዘንጉ ቡሽ ደግሞ መርካቶ፣ ቶርኖ ቤት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ መቼና በምን ምክንያት እንደተቀየረ ስለማውቅ፣ የአዲስ አበባን ያለፉ ስድሳ ዓመታት በዚህ መኪና መቁጠር እችላለሁ።

መኪና ወደዚህ ከተማ የገባው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን መንዳቱም መጠገኑም የቤተ መንግሥትና የፈረንጅ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ሙያው ወደ ሰፈር የወረደው በጣሊያን በኩል ነው። በአምስቱ ዓመት ካሚዮን በገፍ ገባ፤ ከ1933 በኋላ እዚሁ ከቀሩት ጣሊያኖች አንዳንዶቹ ጋራዥ ከፈቱ። ካቻቢቴ አቀባይ ሆነው የተቀጠሩ ልጆች ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲያዩ ኖረው ሜካኒክ ወጡ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉትን ስሞችም ይዘው ወጡ።

አባቴ ከእነዚህ አንዱ አልነበረም፤ የሒሳብ መምህር ነበር። ቮልስ ግን ለመምህርም እጅ የምትሰጥ መኪና ነች። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ፣ የዓባይን በረሃ ወጥተን ደጀን ሳንደርስ፣ ኮፈናቸውን ከፍተው ውሃ የሚለምኑ መኪኖችን በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምን እናልፋቸው ነበር። አባዬ ያኔ አይስቅም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አይዟችሁ!» ይላል እንጂ።

የቮልስ ደካማ ጎን ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ከበላዩ ስለተቀመጠ የሚደርሰው አየር ያንሳል፤ ሙቀቱ ስለሚበዛ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃጠላል። አባዬ ቫልቭ የሚያስተካክለው እሑድ ማለዳ፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ሰሌን አንጥፎ ከኋላ ይገባና «ነይ እስቲ፣ ባትሪውን ያዥልኝ» ይለኛል። ሽፋኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ያላቅቅና 0.10 ሚሊሜትር ውፍረት ያላትን ስስ መለኪያ ያስገባል። መለኪያዋ ስትሳብ ያዝ ማድረግ አለባት እንጂ መቀርቀር የለባትም። ይህን በጣቴ ያስተማረኝ እሱ ነው። ካርቡራተሩንም እንደመጣ አልተወውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩም ከ40 የፈረስ ጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ ቀየረው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ከምንዛሪው ጋር መለዋወጫውም ጠፋ። የመኪናችን ብልሃት ሁሉ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ በአሮጌው ብረት ላይ ሌላ ሸራ በሪቬት ይመታል፤ ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን ይቆረጣል፤ የላላ ቡሽ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ሰው የራሱን መኪና መፍታት የለመደው መፍታት ስለሚያስደስተው አልነበረም፤ የሚተካው ዕቃ ስላልነበረ ነው።

ከ1983 በኋላ ገበያው ሲከፈት ሶማሌ ተራ በቶዮታ ዕቃ ተጥለቀለቀ። የቮልስ ዕቃ ግን በትዕግሥት ይፈለጋል። «እህቴ፣ ማን ላከሽ?» ይሉኛል፤ የምፈልገውን በቁጥር ስነግራቸው ወንበር ይስባሉ። የመኪናችንን ኤሌክትሪክ ከ6 ቮልት ወደ 12 ያሳደግነው ያኔ ነው፤ የድሮው መብራት ማታ መንገድ አያሳይም ነበር። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ቦቢናና አምፖል መቀየር ቀላል ነው። ችግሩ ሞተሪኖው ላይ ነው፤ የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው የ12 ቮልቱ 130 ነው። አንዱን ለብቻው መቀየር አይቻልም። አባዬ የድሮውን ሞተሪኖ በ12 ቮልት ማሠራት መረጠ፤ ከጥንቱ በፍጥነት ያሽከረክራል፣ ቁልፉን ቶሎ መልቀቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ «የጀርመን ዕቃ እኮ አይሞትም» ሲባል አልስማማም። ከጀርመን ከመጣው የቀረን ቦዲውና ካምቢዮው ነው፤ የመጨረሻዋ ቮልስ ራሷ በ2003 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ ቆሟል። መኪናዋን ያኖሯት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ለመፈታት መመቸቷና አዲስ መኪና የማይቀመስ መሆኑ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌው ይበልጥ እንዲያረጅ ተፈርዶበታል።

አሁን ጎረቤቶቼ በኤሌክትሪክ መኪና ይመጡና በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይነግሩኛል። እኔ የምጠይቃቸው ሌላ ነው፤ ፋብሪካው ዕቃውን መሥራት ባቆመ በሠላሳ ዓመቱ ሶማሌ ተራ ያለ ሰው ሊፈታው ይችላል ወይ? መኪና እዚህ አገር የሚፈተነው በዚያ ነው።